የመሶብ ክዳን፣ ፈረስና የኦቦ ቱፋ ፎቶ

ከአዲስ አበባ አዳማ በፈጣኑ መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ሰው ለስብሰባ ይሄዳል፣ ለሠርግ ይሄዳል፣ ብርድ ሲያስመርረው ፀሐይ ሊሞቅ ይሄዳል፤ ተመልሶ ግን የጉዞ ማስታወሻ ሲጽፍ አላየሁም። እኔ የምጽፈው ለሥራ ባልደረቦቼ ብዬ ነው። ቦሌ ካለው ስቱዲዮአቸው የማይወጡ፣ የሚላኖን ጎዳናዎች በስልካቸው አንድ በአንድ የሚያውቁ፣ ወለንጪቲ ወዴት ናት ቢባሉ ግን ወደ ጣሪያ የሚጠቁሙ ሰዎች ናቸው። ወደፊትም የሚሄዱ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ሄጄ ያየሁትን ልንገራቸው።

ብሩክ እባላለሁ፤ የፋሽንና የፖርትሬት ፎቶ አንሺ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት ግን መገናኛ አካባቢ በነበረች ጠባብ ፎቶ ቤት ጉርድ ፎቶ በማንሳት ነው። ቀኑን ሙሉ "ቀና በል፣ ጆሮህን አሳይ፣ አትሳቅ" ስል እውል ነበር። ከዚያ ወደ ሠርግ፣ ከሠርግ ወደ ፋሽን አደግሁ። ካሜራዬ ተቀየረ፣ ጫማዬ ተቀየረ፤ "አትሳቅ" የምትለዋ ቃል ብቻ አብራኝ ቀረች። ፎቶ ቤት ሳለሁ መመሪያ ነበረች፤ ቦሌ ስገባ ስታይል ተባለች። የኔ ሞዴሎች ፈገግ አይሉም። ግማሽ ፊታቸው በብርሃን፣ ግማሹ በጨለማ ነው። አንድ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ባለሙያ "የዝምታ ባለቅኔ" ብሎኛል። እናቴ በዚያው ዕለት አዳራሹን ዞራ ካየች በኋላ "የእነዚህ ሁሉ ልጆች ቤተሰብ ምን ደረሰበት?" ብላኛለች።

የዚህ ጉዞ ምክንያት አንዲት ዲዛይነር ናት። "ሥር" የሚል ስም ያወጣችላቸውን አዳዲስ ልብሶች "ከአፈራችን ላይ" እንዳነሳላት ፈለገች። እሷ ራሷ አልመጣችም፤ አቧራ አይስማማትም። ከልብሶቹ ሁሉ አብልጣ የምትሳሳለት ግን ከሣር የተሰፋ፣ ሐምራዊና ቢጫ፣ ጫፉ የሾለ አንድ ዘውድ ነበር። "ሦስት ወር ሙሉ ጥናት ያደረግሁበት ነው" አለችኝ። "ዘውዱ የሥራው ነፍስ ነው፤ ከዓይንህ እንዳይለይ።" ሥራውን ካበላሸሁ የሚቀጥለው የትልቁ ትርዒት ፎቶ ወደ ሌላ ሰው እንደሚሄድም በለሰለሰ ድምፅ ነገረችኝ።

ሞዴሏ ሳሮን ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ቪትዝ መኪናዬ ውስጥ ስትቀመጥ ራሷ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አይቀረው። ተወልዳ ያደገችው አዳማ ስለሆነ ለአልጋ አልተጨነቅንም፤ እናትና አባቷ ቤት ልናርፍ ተነጋገርን።

የመጀመሪያው ቀን

ጠዋት ወጥተን ቢሾፍቱ የደረስነው ፀሐይዋ ገና ሳትከር ነው። ሐሳቤ ሳሮንን ከሐይቁ አፋፍ ላይ ለብቻዋ፣ በሰፊ ዝምታ ውስጥ ማቆም ነበር። አፋፉ ላይ ሦስት ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው በተራ ቆመው አገኘናቸው። ዝምታ የለም። አንድ ስፒከር ይጮሃል፣ አንድ ድሮን ከላይ ያንዣብባል። የሠርግ ፎቶ አንሺው፣ ላቡን በፎጣ የሚጠርግ ወፍራም ሰው፣ ሳሮንን በነጭ ቀሚሷ አየና ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ ነህ ሙሽራው?"

"አይ፣ ፎቶ አንሺ ነኝ።"

"ታዲያ ሙሽራዋ ምን ሆና ነው የተኮሳተረችው? ተጣልተው ነው?"

"ስታይል ነው" አልኩት።

በሐዘኔታ አየኝና "በርታ፤ ስትለምደው ማሳቅም ትችላለህ" ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሰው ባገኘው ቡና እንኳ አብሬው አልጠጣም ነበር። እዚያ ግን ተራ አስያዡ እሱ ስለሆነ አመሰገንኩት።

ተራችን እንደማይደርስ ሲገባኝ ጋሪ ተከራየሁ። ሳሮን ጋሪው ላይ ቆማ፣ ሐይቁ ከጀርባዋ ሆኖ እንዳነሳት ነው። ባለጋሪው ጨዋ ሰው ነው፤ ፈረሱን ዳማ ይለዋል። ሳሮን ጫማ እስክትቀይር ዘውዱን ጋሪው ላይ፣ መቀመጫው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩትና ብርሃን ልለካ ዞር አልኩ። ስመለስ የፈረሱ ልጓም ላልቶ፣ ዳማ አንገቱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ፣ የሥራውን ነፍስ እያኘከ ነበር።

ባለጋሪው ከአፉ ሊያስጥለው ታገለ። የተረፈው ከመዳፌ አይበልጥም።

"ይቅርታ ጌታዬ፤ ሣር መስሎት ነው" አለ።

"ሣር እኮ ነው" አልኩት።

ትንሽ አሰበ። "እንግዲያ ፈረሱ አልተሳሳተም" አለኝ። ሳሮን ጋሪው ላይ ቁጭ ብላ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ሳቀች። ያን ፎቶ አላነሳሁትም፤ የኔ ስታይል አይደለም። ባለጋሪው ግን ቤቴ ወስጄ ካላበላኋችሁ ብሎ ስለማለ፣ ሚስቱ ያቀረበችልንን የጾም በያይነት በልተን፣ እሷም ስለ ፈረሱ በተራዋ ይቅርታ ጠይቃን፣ ወደ አዳማ ነዳን።

አዳማ ስትገባ መጀመሪያ የምታወልቀው ጃኬት ነው፤ ቀጥሎ ዕቅድህን ነው። አዲስ አበባ ላይ በዚህ ሰዓት ሰው ጋቢ ይፈልጋል፤ እዚህ ቬንትሌተሩ ፊት ቦታ ለመያዝ ይሽቀዳደማል። የሳሮን አባት ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እናቷ እትዬ ሰናይት የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ሁለቱም አጥባቂ ጴንጤ ናቸው። በር ላይ ተቀብለው ካቀፉኝ በኋላ ጋሽ ታደሰ እጄን ሳይለቁ "ወንድም ብሩክ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉኝ። "ባለፈው በመጽሔት ያወጣሃት የሳሮን ፎቶ… ያኔ ምን ደርሶባት ነበር?"

"ምንም አልደረሰባትም ጋሽ ታደሰ።"

"እኛ እኮ ልጃችን ተጨንቃለች ብለን ሦስት ቀን ጾምንላት።"

"የጸሎት ቡድኑም ጾሟል" አሉ እትዬ ሰናይት ከጓዳ።

ምን ይባላል? ሥራዬ ብዙ አስተያየት ተሰጥቶበታል፤ ሰው ምግብ ያስተወው ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው። እራት ቀረበ፤ ፓስታ በሥጋ፣ ሰላጣ፣ ፓፓያ። ጋሽ ታደሰ ሲጸልዩ ለመንገዳችን፣ ለካሜራዬ፣ ለዲዛይነሯ፣ በመጨረሻም ሳሮን ታሪኩን ቀድማ ስለነገረቻቸው ለፈረሱ የሆድ ጤንነት ጸለዩ። ፓስታው ሲቀዘቅዝ "አሜን" አልን።

ስንበላ እኔም ጉዳቴን ነገርኳቸው፤ የዘውዱንም ፎቶ ከስልኬ አሳየሁ። እትዬ ሰናይት መነጽራቸውን አጥልቀው አዩት።

"ይሄ እኮ የመሶብ ክዳን ነው።"

"አይ እትዬ ሰናይት፣ ዘውድ ነው። ሦስት ወር ጥናት ተደርጎበታል።"

ተነስተው ጓዳ ገቡና የራሳቸውን መሶብ ክዳን ይዘው መጡ። ከቀለሙ በስተቀር አንድ ነው። ሳሮን ተቀብላ ራሷ ላይ ደፋችው፤ ጉንጯን ወደ ውስጥ ስባ፣ እኔ እንደማስተምራት ባዶውን ግድግዳ አየች። ያማረ ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

"ወለንጪቲ የምትሰፋ ሴት አለች" አሉ እትዬ ሰናይት። "ነገ እወስዳችኋለሁ።"

ሁለተኛው ቀን

ወደ ወለንጪቲ የሚወስደው መንገድ የጅቡቲ መኪኖች መንገድ ነው። ቪትዜ በተሳቢዎቹ መካከል ስትሄድ በዝሆኖች መሐል እንደገባች ጥንቸል ነበረች። እትዬ ሰናይት ከፊት ተቀምጠው፣ በደረብን ቁጥር "በስመ ኢየሱስ!" ይላሉ። ግማሽ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ላይ ስድስት ቀሚስ ጭኜ ስለነበር፣ ቀሚሶቹን አውጥተን አንድ ግራር ላይ ሰቀልናቸው። አንድ የተሳቢ ሹፌር ገበያ መስሎት ቆመ። የቀሚሱን ዋጋ ጠየቀ፤ የማይሸጥ መሆኑን ሲሰማ ጎማውን ቀየረልንና እጁን በአፈር ፈትጎ ሄደ።

አዴ ድንቄ ከገበያው ጀርባ፣ ቆርቆሮ ቤታቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ከስድሳ ያለፉ፣ ቀጭን፣ ጣታቸው የማያርፍ ሴት ናቸው።

"አዴ ድንቄ፣ አካም ቡልተን?" አሉ እትዬ ሰናይት በኦሮምኛ፤ እንዴት አደሩ ማለታቸው ነው።

"ነጋያ! ነጋያ! ኮታ፣ ግቡ፤ ፀሐይ አይምታችሁ።"

ውሃ ተሰጠን፣ ወንበር ተለቀቀልን። ስልኬን አሳየኋቸው። በጣታቸው የፎቶውን ጠርዝ ተከተሉ።

"ይሄ ጠርዝ የኔ ነው። እንዲህ አጥፈን የምንጨርስ እኔና እህቴ ብቻ ነን። ባለፈው ዓመት ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ገበያ ላይ ሁለት ወስዳለች።" ከዚያ ግራ ገብቷቸው ቀና አሉ። "ለምን ራሷ ላይ ደፋችው? መሶቡ ምን ሆነ?"

ስለ ሦስት ወሩ ጥናት አሰብኩ። ገበያው ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ ነው፤ ምን ይህን ያህል እንዳዘገያት አልገባኝም።

አንድ ሐምራዊና ቢጫ የጀመሩት ነበራቸው፤ በሦስት ቀን ይደርሳል አሉ። ስለ ዋጋ ላወራ ስል እጃቸውን አነሱ። "እሱን ተወው። ፎቶ አንሺ ነህ አሉ። አንሳኝ።"

ደስ አለኝ። በዚህ ላይ እንኳ አልታማም አልኩ በልቤ። ወደ ቤት አስገብቼ ጠባቧ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ብርሃኑ ከአንድ ጎን መጥቶ ግንባራቸው ላይ፣ ጉንጫቸው ላይ፣ የአንገታቸው ሽብሽብ ላይ ዐረፈ፤ ሌላው ጎን ጨለማ ሆነ። ያለ ማጋነን በዚያ ዓመት ካነሳኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ፎቶ ነበር። በካሜራው ስክሪን አሳየኋቸው። አተኩረው አዩት።

"ግማሽ ፊቴን የት አደረግኸው?"

"ጨለማው ውስጥ ነው አዴ። የሚያየው ሰው በሐሳቡ ይሞላዋል።"

"የሚያየው ሰው እኔን የት ያውቀኛል? በምን ይሞላዋል?"

ዲዛይነሮች፣ አዘጋጆች፣ ባለሙያዎች ይህን ጥያቄ ጠይቀውኝ አያውቁም። አዴ ድንቄ ተነሱና ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ፍሬም አሳዩኝ። ባላቸው ኦቦ ቱፋ ናቸው፤ የሽንኩርት ገበሬ ነበሩ፣ ካለፉ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል። በዕድሜያቸው ፎቶ የተነሱት ለመታወቂያ ብቻ ነው። ሲሞቱ ሌላ ስላልተገኘ ዘመዶች ያችኑ ጉርድ ፎቶ ከመታወቂያው ገንጥለው ፎቶ ቤት ሰጡ፤ አሳደጓት።

"ፊቱ ሲያድግ ማኅተሙም አብሮ አደገ" አሉ አዴ ድንቄ።

እውነት ነው። ሐምራዊው ክብ ማኅተም ከግራ ጉንጫቸው ተነስቶ አፋቸውን ከነአገጫቸው ሸፍኖታል። ከንፈራቸው መኖር በነበረበት ቦታ "ጽ/ቤት" የሚለው ቃል ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

"ለቀስተኛው ሁሉ ያለቀሰው ማኅተሙን እያየ ነው። የልጅ ልጆቼ 'አያታችን የመንግሥት ዕቃ ነበር ወይ?' ይሉኛል። እሱ በማኅተም ሄደ፤ አንተ ደግሞ እኔን በጨለማ ልትሸኘኝ ነው።"

ሳሮን አየችኝ፤ እትዬ ሰናይትም አዩኝ። ካሜራዬን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ። ወንበር አወጣን፣ ነጠላ ከጀርባቸው ዘረጋን፤ ሙሉ ብርሃን፣ ፊት ለፊት። ራሴን ሰማሁት፦ "ቀና ይበሉ። ጆሮዎን ያሳዩ።" ከመገናኛዋ ፎቶ ቤት ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ብዬ አላውቅም። ላስደስታቸው ብዬም ለመጀመሪያ ጊዜ "አትሳቅ" የምትለዋን ቃል ተውኩና "ትንሽ ይሳቁ እንጂ" አልኩ።

ተቆጡ። "ሰው ሊያለቅስልኝ መጥቶ እኔ ልሳቅበት?"

እናም ሳይስቁ አነሳኋቸው። ሁለቱም ጆሮዎች እንዳሉ በጣታቸው ቆጥረው ተቀበሉት። ልንሄድ ስንል ግን ወደ ፍሬሙ ተመለሱ። "የሱን ማኅተም ማጠብ ይቻላል?"

"ቀላል ነው" አልኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ። "የሰው ብጉር ሳጥብ ነው የኖርኩት።" የፍሬሙን ፎቶ በካሜራዬ አንስቼ ምስሉን ይዤ ተመለስኩ።

ሦስተኛው ቀን

ክዳኑ እስኪደርስ ሌሎቹን ልብሶች ለማንሳት በሞጆ ዞረን፣ በመቂ አልፈን ወደ ዝዋይ ወረድን። ሐይቁ ዳር አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ቆመዋል፤ ረጃጅም፣ ቀጫጭን፣ የተኮሳተሩ፣ ማንንም የማያዩ። ሳሮን "ብሩኬ፣ ቤተሰቦችህን አገኘሃቸው" አለችኝ። ዓሣ ጥብስ በላን። አዲስ አበባ ላይ ይህን ዓሣ በነጭ ሰሐን፣ በአንድ ቅጠል አጅበው ያቀርቡታል፤ እዚህ ከነራሱ መጣ፣ ከነራሱም አለቀ።

ከሰዓት አዳሚ ቱሉ አካባቢ አንድ የቲማቲም ማሳ አስፈቅደን ገባን። ሳሮን ጅራቱ ሦስት ሜትር የሚጎተት ጥቁር ቀሚስ ለብሳ በመደዳዎቹ መካከል ቆመች። "ሁሉን ነገር እንዳጣሽ ሁኚ" አልኳት። ጎበዝ ናት፤ ሆነች። ቲማቲም የሚለቅሙት ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ያዩን ጀመር። ቀጥሎ አንዲት ጎልማሳ ሴት ቅርጫቷን አስቀምጣ መጣች፤ እኔን አልፋ ሳሮንን በክንዷ ያዘቻት።

"ምነው ልጄ? ማን ሞተብሽ?"

ሳሮን በኦሮምኛ ልታስረዳ ሞከረች፤ "ሥራ ነው፣ ፎቶ ነው" ትላለች። ሴትየዋ ግን አላመነችም። ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ እንደዚያ ሆኖ፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ሌሎቹም መጡ። አንዷ ውሃ በጆግ አመጣች፣ አንዷ ከምሳዋ ቂጣ ቆርሳ እጇ ላይ አደረገችላት። አንዲት አሮጊት የራሳቸው ሐዘን ትዝ ብሏቸው እንባቸው ወረደ። ሳሮንም ይህን ስታይ እውነተኛ እንባ አለቀሰች። እኔ መሐላቸው ካሜራ ይዤ ቆሜ፣ ሁሉም "ይሄ ጨካኝ ማነው?" በሚል ዓይን ያዩኝ ነበር።

በመጨረሻ ቀሚሱ የጭቃ ጅራት ይዞ፣ እኛ አንድ ከረጢት ቲማቲም ተሸክመን ወጣን። ቲማቲሙ የማጽናኛ ነው። መኪና ውስጥ ሳሮን "ዛሬ ዋሽቼ ቂጣ በላሁ" አለችኝ።

አራተኛው ቀን

አዳማ ውለን ማኅተም ልናጥብ ተቀመጥን። ላፕቶፔን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩ፤ ቬንትሌተሩ ከጎኔ፣ እትዬ ሰናይት ከኋላዬ። ጉንጩ ቶሎ ጸዳ። አገጩም ትንሽ ተንገራግሮ ወጣ። አፉ ላይ ስደርስ ግን ከማኅተሙ ሥር ምንም አልነበረም። ቀለሙ በልቶታል። ብጉር ስታጠፋ ከሥሩ ቆዳ አለ፤ እዚህ ያለው ባዶ ነው። ምሳ እስኪደርስ ኦቦ ቱፋ ያለ አፍ አዩኝ።

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው ቀረቡ። ከኦቦ ቱፋ ጋር ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ነው፤ የፊታቸውም ቅርጽ አይራራቅም። እያየኋቸው አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ለማለት አፈርኩ።

"አፌን ፈልገህ ነው?" አሉኝ።

"ካላስቸገርኩዎ።"

"ለመልካም ሥራ ከሆነ ውሰደው።"

ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ፈተና የሚያርሙ መስለው ፎቶ ተነሱልኝ። አፋቸውን ቆርጬ ኦቦ ቱፋ ላይ ለጠፍኩ፤ ቀለሙን አስማማሁ፣ ጥላውን አስተካከልኩ። ሲያልቅ እውነትም ሰው ሆነ፤ የከበደ፣ ዝም ያለ፣ የኔን ስታይል የጠበቀ ሰው። እትዬ ሰናይት "ክብር ለጌታ" አሉ። እኔም ለራሴ ትንሽ ክብር ወሰድኩ።

ከዚያ ሁለቱን ፎቶዎች ወደ ከተማው ፎቶ ቤት ወስጄ አሳተምኩ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ የአዳማን ሙሽሮች ሁለት ትውልድ አንስተዋል። የአዴ ድንቄን የመስኮት ፎቶ ካሜራዬ ውስጥ አይተው "ፍላሽህ አልሠራም? አይዞህ፣ እኔንም አጋጥሞኝ ያውቃል" አሉኝ። አመሰግናለሁ አልኩ። ፍሬም መርጠን፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

አምስተኛው ቀን

ወለንጪቲ ስንደርስ ክዳኑ አልቆ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይጠብቀን ነበር። ፈረሱ ከበላው ዘውድ ይልቅ ያምራል። ሳሮን ደፋችው፤ ቆርቆሮው ግድግዳ ላይ ተደግፋ ስትቆም አዴ ድንቄ "ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ክዳኑን መልሺ!" አሏት። ሳሮን ፍርስ አለች። እጄ ካሜራው ላይ ስለነበር አነሳሁት። በኋላ የኮስታራዎቹን ብዙ አነሳሁ፤ የሳቀችውን አንዷን ብቻ ከሌሎቹ ጋር ለዲዛይነሯ በስልክ ላክሁላት። ወዲያው የድምፅ መልእክት መጣ፦ "ኮስታራዎቹ ግሩም ናቸው። ዘውዱም ምንም አልሆነም፣ ተመስገን። የሳቀችው ላይ ግን ሥር አይታየኝም።" አዴ ድንቄ ምን አለች አሉ። ወደደችው አልኳቸው። ትርዒቱ የኔ መሆኑ ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ጋዜጣውን ፈታን። የራሳቸውን ፎቶ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በቃ። የኦቦ ቱፋን ሲይዙ ግን እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። ጉንጩን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ማኅተሙ በነበረበት። ዓይናቸው ሞላ። ቀጥሎ ቅንድባቸው ተሰበሰበ።

"ይሄ አፍ የሱ አይደለም።"

ጎንበስ ብዬ ፎቶውን አየሁት።

"ይሄ የአስተማሪ አፍ ነው።"

ሳሮን ጮኸች፤ እኔ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። እውነቱን ነገርናቸው። አልተቆጡም፤ "አባትሽ ደግ ሰው ነው" አሏት ሳሮንን። "ግን ቱፋ አፉን ገጥሞ አያውቅም። ሲበላ ያወራል፣ ሲተኛ ያወራል። መታወቂያ ሲነሳም ፎቶ አንሺው ዝም በል እያለው እያወራ ነው የተነሳው።"

ላፕቶፑን አንድ የሽንኩርት ሣጥን ላይ ከፈትኩ። አዴ ድንቄ ከጎኔ ተቀመጡ። የከንፈሩን ጫፍ በትንሹ ወደ ላይ አነሳሁ።

"ጨምር።"

ጨመርኩ።

"አይ፣ በዛ። እንዲህ የሚስቀው ሲጠጣ ነው። መልስ… ከላይ ጥርሱ ይታይ። አንዱ ጥርስ ጎደሎ ነው፤ እዚህ ጋ… አዎ።"

ከአሥር ዓመት በላይ የሰውን ሳቅ ሳጠፋ ኖሬ፣ የሞተ ሰው ሳቅ በሚስቱ ትእዛዝ በፀጉር ስፋት ስጎትት ዋልኩ። ላቤ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል። ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላወቅሁም። በአንድ ቅጽበት እጃቸው ክንዴን ጨበጠው።

"በቃ። አትንካው።"

ስክሪኑ ላይ፣ የሆነ ነገር ሊናገር አፉን የከፈተ አንድ ሽንኩርት ገበሬ ነበር። አዴ ድንቄ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉት። ሳሮንን ምን አሉት ብዬ ጠየቅኋት።

"'አንተ ሰውዬ፣ የት ጠፍተህ ቆየህ' ነው ያሉት።"

ሲታተም ካላየሁ አላምንም ስላሉ በቪትዝ ወደ አዳማ ይዘናቸው ተመለስን፤ ሳሮን ከኋላ በቀሚስ ተቀብራ። ሽማግሌው ባለፎቶ ቤት ሲያትሙት አዴ ድንቄ ከማሽኑ አጠገብ አልተነቃነቁም። ሽማግሌውም ምስሉን ከፍ አድርገው አይተው "ይሄ ሰውዬ ጨዋታ ያውቃል" አሉ። አዴ ድንቄ በኩራት "እኔን ጠይቁኝ" አሏቸው።

ወለንጪቲ ድረስ ልመልሳቸው ብል እሺ አላሉም፤ አዲስ አበባ ሳይመሽባችሁ ግቡ አሉ። መናኸሪያ ወስደን ሚኒባስ አሳፈርናቸው። ሰው ሞልቷል፣ ዕቃ ሞልቷል። አዴ ድንቄ የራሳቸውን ፍሬም እግራቸው ሥር አደረጉት፤ የኦቦ ቱፋን ግን አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ፣ ፊቱን ወደ ሰዉ አዙረው አቆሙት። ረዳቱ፣ ፂማም ጎልማሳ፣ አንገቱን አስገባ።

"እናቴ፣ ፎቶውን ጣሪያ ላይ እንጫነው፤ ቦታ ያዘ።"

"ሰው ጣሪያ ላይ ይጫናል እንዴ?"

ረዳቱ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ፎቶውን አየው። ኦቦ ቱፋም አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። ጥቂት እንደዚያ ተያዩ።

"ጠጋ በሉ" አለ ረዳቱ ወደ ኋለኛው ወንበር ዞሮ። "አባባ ይቀመጡበት።"

በሩ ተዘጋ፤ ሚኒባሱም ወለንጪቲ ወለንጪቲ እያለ ወጣ።